ከሁለቱም ጫፍ እኩል የራቀ ነጥብ ሁሉ አጋማሽ ነው?

ባለፈው ሳምንት እዚህ አንድ የሒሳብ ጥያቄ ለጥፌ ነበር። 15 መልስ መጣ። ገሚሱ ትምህርት ነው፣ ገሚሱ ጭቅጭቅ ነው። ዘግይቶ የሚገባ ሰው ሁሉንም ሲያገላብጥ እንዳይደክም፣ የተባለውን በየተራ ቁጥሩ ልተርክላችሁ። መጀመሪያ የእኔው ጥያቄ።

መነሻ። የምጽፈው ከደሴ ነው። ለጂማት (የቢዝነስ ድኅረ ምረቃ መግቢያ) ፈተና እየተዘጋጀሁ ነው። ማታ ከሥራ ስመለስ ሁለት ሰዓት ያህል እቀመጣለሁ፣ መብራት ካለ። የሚያስቸግረኝ ዳታ ሰፊሸንሲ የሚባለው የጥያቄ ዓይነት ነው። አንድ ጥያቄ ይሰጣል፤ ከሥሩ ሁለት መረጃ ይከተላል። መልሱን አስልቶ ማውጣት አይጠበቅም። የሚጠበቀው መረጃው መልሱን ለማወቅ ይበቃል ወይስ አይበቃም የሚለውን መለየት ነው። አንደኛው መረጃ ብቻውን ከበቃ ኤ ነው። ሁለተኛው ብቻውን ከበቃ ቢ። ለየብቻ ሳይበቁ አንድ ላይ ሲሆኑ ከበቁ ሲ። እያንዳንዱ ለየብቻው ከበቃ ዲ። ሁለቱ ተደምረውም ካልበቁ ኢ። ምርጫዎቹ ሁልጊዜ እነዚሁ ናቸው።

ያሰናከለኝ ጥያቄ እንዲህ ይላል። ሀ፣ ለ እና መ በአንድ የኮኦርዲኔት ሰሌዳ ላይ ያሉ ነጥቦች ናቸው። መ የሀለ (ከሀ እስከ ለ ያለው መስመር) አጋማሽ ነጥብ ነው ወይ? መረጃ 1፦ መ ከሀ እና ከለ እኩል ይርቃል። መረጃ 2፦ ሀ (−2፣ 5) ላይ፣ ለ ደግሞ (6፣ 1) ላይ ነው።

እኔ ኤ አልኩ። አጋማሽ ማለት ከሁለቱም ጫፍ እኩል የራቀ ማለት ነው፤ መረጃ 1 ይህንኑ ነው የሚናገረው ብዬ። የመልስ ቁልፉ ግን ኢ ይላል። ሁለቱንም መረጃ ይዘን እንኳ አናውቅም ማለት ነው። ይህ አልዋጥልህ አለኝ። ቁልፉ ተሳስቷል ብዬ ነው የለጠፍኩት።

1ኛ መልስ። ኮምቦልቻ የሚማር ልጅ ነው፣ ጨዋ ነው። ሰላምታውን አስቀደመ፤ ከዚያ ቁልፉ ትክክል እንደሆነ ጻፈ። ክርክር አልፈለገም። አንድ ነጥብ ብቻ ሰጠኝና ራሴ እንድለካው ጠየቀኝ። ነጥቡ (3፣ 5) ነው። ከሀ እስከ እሱ ያለው መንገድ አግድም ብቻ ነው፣ ርቀቱ 5 ነው። ከለ እስከ እሱ ደግሞ 3 አግድም፣ 4 ወደ ላይ ነው፤ ስለዚህ ርቀቱ እሱም 5 ነው። እኩል ነው። አጋማሹ ግን እሱ አይደለም። የሁለቱን ኤክስ ደምሮ ለ2፣ የሁለቱን ዋይ ደምሮ ለ2 ሲያካፍሉ የሚመጣው (2፣ 3) ነው። እንግዲህ መ (2፣ 3) ላይ ከሆነ መልሱ አዎ ነው፤ (3፣ 5) ላይ ከሆነ አይደለም ነው። ሁለቱም ነጥቦች ሁለቱንም መረጃ ያሟላሉ። አንዴ አዎ፣ አንዴ አይደለም የሚያሰኝ መረጃ በቂ አይባልም።

2ኛ መልስ። አጭር ነው። ከእኔ ጋር ተስማማ። እሱም በልጅነቱ አጋማሽ ማለት እኩል ርቀት እንደሆነ መማሩን፣ መምህሩ ሊሳሳቱ እንደማይችሉ ጻፈ። ኤ ነው ብሎ ጸና። (3፣ 5)ን ግን አልነካትም።

3ኛ መልስ። ወልዲያ የሚያስተምሩ መምህርት ናቸው። በእኔ ግምት ከ15ቱ ሁሉ የሚበልጠው ይህ ነው። ሁለተኛው ላይ መልስ የሰጡት በአክብሮት ነው፤ መምህሩ አልተሳሳቱም፣ ትርጉሙ ግን ሁለት እግር አለው አሉ። አንዱ እግር ነጥቡ በሁለቱ ጫፎች መካከል፣ መስመሩ ላይ መሆኑ ነው። ሌላው እግር እኩል መራቁ ነው። ክፍል ውስጥ መጀመሪያ መስመሩ ይሰመራል፤ ከዚያ ነጥቧ እመስመሩ ላይ ትደረጋለች። ስለዚህ የመጀመሪያውን እግር ማንም አፍ አውጥቶ አይናገረውም፤ ሥዕሉ ይናገርለታል። ዳታ ሰፊሸንሲ ሥዕሉን ይነሳንና ቃሉን ብቻ ያስቀርልናል። የምንወድቀው እዚያ ላይ ነው።

መምህርቷ በዚህ አላበቁም። ከሀ እና ከለ እኩል የሚርቁ ነጥቦች ሁለት ወይም ሦስት ሳይሆኑ ሙሉ መስመር እንደሆኑ አሳዩን። ያ መስመር ሀለን በአጋማሹ ላይ በ90 ዲግሪ አቋርጦ ያልፋል። በዚህ ጥያቄ ዋይ = 2ኤክስ − 1 ነው። (0፣ −1)፣ (1፣ 1)፣ (3፣ 5)፣ (4፣ 7) ሁሉም እዚያ ላይ ናቸው። አራቱንም በወረቀት ለካኋቸው። አራቱም እኩል ይርቃሉ፤ አንዳቸውም አጋማሽ አይደሉም። በዚያ ሁሉ መስመር ላይ አጋማሽ የሆነችው አንዷ (2፣ 3) ብቻ ናት። የመልስ ቁልፉ ተሳስቷል ያልኩትን እዚሁ ላይ ተውኩት።

4ኛ መልስ። ያልጠበቅኩት ነው። ከኩታበር በኩል የሆኑ አባት ናቸው። ልጃቸው ስልኩ ላይ ሲያነብ አይተው ያጻፉት ነው። ጂማት ምን እንደሆነ አያውቁም፤ ገመድ ግን ያውቃሉ። አባታቸው ሲሞቱ መሬቱን ከወንድማቸው ጋር በሽማግሌ ተካፈሉ። አሠራሩ ቀላል ነው። ገመድ ከጫፍ እስከ ጫፍ ይዘረጋል፤ ከዚያ እጥፍ ይደረግና እጥፉ ላይ ቋጠሮ ይታሰራል። መልሶ ሲዘረጋ ቋጠሮው ያረፈበት ድንበር ይሆናል። የእነሱ ማሳ መሀል ላይ ግን የድንጋይ ክምር ነበር። ገመዱ እሱን ዞሮ አለፈ። ቋጠሮው ከሁለቱም ጫፍ እኩል ነው፣ ማንም ሊክደው አይችልም። ያረፈው ግን ከመስመሩ ውጭ፣ ወደ ጎረቤት ማሳ ተጠግቶ ነው። ሽማግሌዎቹ ገመዱን ከክምሩ በላይ አስነሱና ቀጥ አድርገው አስወጠሩት። ማዞሪያው ሲቀር ገመዱ ተረፈ፤ እንደገና ለክተው፣ እንደገና አጥፈው ቋጠሩ። ያኔ ቋጠሮው ቦታውን ያዘ።

አባባ፣ እድሜ ይስጥልን። እኔ በዚያው ማታ ከእህቴ ጋር በሲባጎ ሞከርኩት። ሁለት ምስማር መታሁ፤ ሲባጎውን ከምስማሮቹ ርቀት ረዘም አድርጌ አሰርኩት፤ መሀሉ ላይ ቋጠርኩ። ቋጠሮውን በእርሳስ ጫፍ ወደ ላይ ስስበው ከምስማሮቹ እኩል ርቆ ይቆማል፤ ወደ ታች ስስበውም እንደዚያው። ሲባጎውን እያሳጠርኩ ስመጣ ቋጠሮው በዚያች የመምህርቷ መስመር ላይ እየተንሸራተተ ወደ አጋማሹ ቀረበ። ሲባጎው ቀጥ ሲል አጋማሹ ላይ አረፈ። ለስድስት ዓመት የሸመደድኩት ፎርሙላ ይህን አላሳየኝም ነበር።

5ኛ መልስ። እዚህ ላይ አየሩ ተለወጠ። ጸሐፊው አሮጌ መጽሐፍ ይዘን ጊዜ እያባከንን እንደሆነ ቆጣ ብሎ ነገረን። በፈረንጆቹ 2023 መገባደጃ ላይ ፈተናው ሲታደስ ጂኦሜትሪ ከሒሳብ ክፍሉ ወጥቷል። ዳታ ሰፊሸንሲም ወደ ዳታ ኢንሳይትስ ተዛውሯል፤ ያ ክፍል በ45 ደቂቃ ውስጥ 20 ጥያቄ አለው። ይህን ሳታውቁ ለፈተና እየተዘጋጀን ነው አትበሉ ብሎ ዘጋ።

6ኛ መልስ። ለ5ኛው የተሰጠ ነው፣ እሱም ቀላል አልነበረም። አዲሱን መጽሐፍ ደሴ ውስጥ ከየት እንደምንገዛው ጠየቀው። ፎቶ ኮፒ እየተዋዋሰ የሚያጠና ሰው ላይ መመጻደቅ ነውር እንደሆነም ነገረው። የተናደደበት ገብቶኛል፤ እኔም ፎቶ ኮፒ ነው የያዝኩት።

ግን የ5ኛው መረጃ እውነት ነው፣ ልታውቁት ይገባል። ዝግጅታችሁን በጂኦሜትሪ ብቻ አትሙሉት። ይህን ጥያቄ ግን የምጥለው አይደለም። እኔን የጣለኝ የርቀት ስሌት አልነበረም። ይበቃል የሚለውን ቃል መመዘን ነው ያቃተኝ፤ እሱ ደግሞ አዲሱ ፈተና ውስጥም አለ። በመቶኛ ጥያቄም በእድሜ ጥያቄም ያው ወጥመድ ይጠብቀኛል። በነጥብና በመስመር ስማረው ደግሞ በዓይኔ አየዋለሁ።

7ኛ መልስ። የሐይቅ ልጅ ነው፣ ጨዋታ አዋቂ። ጠቡን ለማብረድ ይሁን አላውቅም፣ ነገሩን ወደ መንገድ ወሰደው። ከደሴ ወልዲያ ወደ 120 ኪሎ ሜትር ነው። ውጫሌ መሀል ላይ ናት፤ ከሁለቱም ወደ 60 ገደማ ትርቃለች። ታዲያ ውጫሌ የደሴና የወልዲያ አጋማሽ ነጥብ ናት ወይ ብሎ ጠየቀን። ራሱ መለሰው። በመኪና ከሆነ ግማሽ መንገድ ናት። በሒሳብ ግን መኪናው የሄደበት ኪሎ ሜትር አይበቃም፣ መንገዱ ተራራውን እየዞረ ነው የሚሄደው። ከዚያ ኬክሮሱን አመጣ። ደሴ 11 ዲግሪ ከ8 ደቂቃ፣ ወልዲያ 11 ዲግሪ ከ50 ደቂቃ ግድም ናቸው። የሁለቱ አማካይ 11 ዲግሪ ከ29 ደቂቃ ይሆናል፤ ውጫሌም እዚያው አካባቢ ናት። ጥሩ ነው፣ ግን ኬንትሮሱን አላየውም። ነጥብ ሁለት ቁጥር አለው። አንዱ ስለገጠመ ብቻ ነጥቡ ገጠመ አይባልም። ይህንን እዚያው ጻፍኩለት፤ እሱም አመሰገነኝ።

8ኛ መልስ። ውጫሌ ከተነሳች ውሉ መነሳቱ አይቀርም። አንድ አምባሰሌ ስለ ይስማ ንጉሥ ጻፈ፤ ሚያዝያ 25 ቀን 1881 ዓ.ም. ውሉ ስለተፈረመበት ቦታ። አንቀጽ 17ን አነሳ። የአማርኛው ቅጂ ንጉሡ ከሌሎች መንግሥታት ጋር ለሚጻጻፉት ነገር በኢጣልያ መንግሥት አጋዥነት መጠቀም እንደሚችሉ ይናገራል። የጣልያንኛው ግን ግዴታ አድርጎታል። በዚያ ልዩነት የተጀመረው አለመግባባት አድዋ ድረስ ሄደ።

9ኛ መልስ። ይህ የሒሳብ ክር ነው፣ ታሪክ ሌላ ቦታ ይወራ የሚል ነበር። ስለ ሐይቅ ዓሣ የጀመሩትንም ሁለት ሰዎች አብሮ ገሠጸ።

10ኛ መልስ። ያው የወልዲያዋ መምህርት ተመለሱ። በዚህ ነጥብ ከ9ኛው ጋር እንደማይስማሙ ገለጹ። ዳታ ሰፊሸንሲ ከሥር እስከ ጫፉ በሁለት ቃላት መካከል እንደተሠራ አስረዱ። አንዱ ይችላል ነው፣ ሌላው የግድ ነው። መረጃ 1 መ አጋማሽ ሊሆን እንደሚችል ይነግረናል። የግድ እንደሆነ አይነግረንም። በቂ የሚባለው የግዱን ሲሰጠን ነው። ይችላልን የግድ አድርጎ ያነበበ ሰው ፈተናውም ላይ ውሉም ላይ ይሳሳታል አሉ። እኔ ይህን ካነበብኩ ጀምሮ በየጥያቄው ጎን በእርሳስ ትንሽ ምልክት አደርጋለሁ። መረጃውን የሚያሟሉ ሁለት ምሳሌዎች ፈልጌ አንዱ አዎ፣ ሌላው አይደለም ካሉኝ መስቀል አደርግበታለሁ።

11ኛ መልስ። ኮምቦልቻው ልጅ አዲስ ጥያቄ ይዞ መጣ። የለ ኤክስ እና ዋይ ድምር ስንት ነው? መረጃ 1፦ የሀለ አጋማሽ (2፣ 3) ነው። መረጃ 2፦ የሀ ኤክስ እና ዋይ ድምር 3 ነው።

12ኛ መልስ። መርሳ ያለች የ12ኛ ክፍል ተማሪ ናት። ኢ አለች። ምክንያቷንም ጻፈች፤ ሀ የት እንዳለ አናውቅም፣ ሀ ካልታወቀ ለም አይታወቅም።

13ኛ መልስ። እዚህ ላይ አንዱ ቸኩሎ ተቆጣት። ሁለት ያልታወቀ ነገርና ሁለት እኩልታ ካለ ሁልጊዜ ይበቃል፣ ይህን የማያውቅ ሰው ገና ብዙ ይቀረዋል የሚል ነበር። መልሷን ያረመበት መንገድ ትክክል አልነበረም፤ ንግግሩም ከእሱ አይጠበቅም ነበር። ሕጉም ራሱ ስህተት ነው።

የኮምቦልቻውን ልጅ ጥያቄ እኔ ልመልስ ብዬ ሞከርኩ። አጋማሹ (2፣ 3) ከሆነ የሁለቱ ኤክስ ድምር 4 ነው፣ የሁለቱ ዋይ ድምር 6 ነው። የአራቱም ቁጥሮች ድምር 10 ማለት ነው። የሀ ድርሻ 3 ከሆነ ለለ የሚቀረው 7 ነው። ሀ (−2፣ 5) ቢሆን ለ (6፣ 1) ነው፣ ድምሩ 7። ሀ (0፣ 3) ቢሆን ለ (4፣ 3) ነው፣ ድምሩ አሁንም 7። ለ የት እንዳለ አላወቅንም፤ እሷ ልክ ናት። የተጠየቅነው ግን ለ የት እንዳለ አይደለም፣ ድምሩ ነው። መልሱ ሲ ነው። የተጠየቀውን ነገር ከመረጃው በፊት ማስመር የሚጠቅመው ለዚህ ነው።

14ኛ መልስ። መምህርቷ ናቸው፣ ለ13ኛው። በዚህ ጊዜ ድምፃቸው ጠንከር ብሏል። መጀመሪያ ተማሪዋን ይቅርታ እንዲጠይቅ ነገሩት። ከዚያ እኩልታ መቁጠር ብቻውን ለምን እንደሚያሳስት አሳዩት። የለ ኤክስ ስንት ነው? መረጃ 1፦ የአጋማሹ ኤክስ 2 ነው። መረጃ 2፦ የሀ እና የለ ኤክስ ድምር 4 ነው። ሁለት ያልታወቀ ነገር አለ፣ ሁለት እኩልታ አለ። ነገር ግን ሁለቱ እኩልታዎች አንድ ናቸው፤ ለ2 የተካፈለውና ያልተካፈለው ብቻ ነው ልዩነታቸው። የለ ኤክስ 1 ሊሆን ይችላል፣ 100ም ሊሆን ይችላል። መልሱ ኢ ነው። በአጋማሽ ጥያቄ ላይ ይህ ወጥመድ ደጋግሞ እንደሚመጣ አስጠነቀቁ፤ አጋማሽና ድምር አንድ ወሬ በሁለት ልብስ ናቸውና።

ሌላም ጨመሩ። አይደለም የሚል መልስም መልስ ነው። መ አጋማሽ ነው ወይ ተብለን፣ ከመ እስከ ሀ ያለው ርቀት ከመ እስከ ለ ያለውን እጥፍ ነው ብንባል፣ በእርግጠኝነት አይደለም እንላለን። ያ መረጃ በቂ ነው። ብዙ ሰው መልሱ አሉታ ስለሆነ ብቻ በቂ አይደለም ብሎ ይስታል። 1ኛው ልጅ ወዲያው ሀ እና ለ የተለያዩ ነጥቦች ናቸው ተብሎ መጻፍ እንዳለበት አስታወሳቸው። ሦስቱም አንድ ቦታ ላይ ቢሆኑ ርቀቱ ሁሉ ዜሮ ነው፤ የዜሮ እጥፍም ዜሮ ነው። መምህርቷ ተቀበሉት፣ ጥያቄውንም አረሙ። 13ኛው ይቅርታውን ጻፈ። አጭር ነበር፣ ግን ጻፈው።

15ኛ መልስ። የመርሳዋ ተማሪ ከሁለት ቀን በኋላ ተመለሰች። ጥያቄውን ራሷ ነው የሠራችው። የሀለ አጋማሽ በመጀመሪያው ኳድራንት (ኤክስም ዋይም ከዜሮ በላይ በሆኑበት የሰሌዳው ሩብ) ውስጥ ነው ወይ? መረጃ 1፦ ሀ በመጀመሪያው ኳድራንት ውስጥ ነው። መረጃ 2፦ ለ በሁለተኛው ኳድራንት (ኤክስ ከዜሮ በታች፣ ዋይ ከዜሮ በላይ በሆኑበት ሩብ) ውስጥ ነው። መልሷ ኢ ነው፣ ከሁለት ምሳሌ ጋር። ሀ (6፣ 2)፣ ለ (−2፣ 4) ከሆኑ አጋማሹ (2፣ 3) ነው፣ አዎ። ሀ (2፣ 2)፣ ለ (−6፣ 4) ከሆኑ አጋማሹ (−2፣ 3) ነው፣ አይደለም።

ከዚያ አንዲት ቃል ቀየረች። አጋማሹ ከኤክስ መስመር በላይ ነው ወይ ብትሉኝ ግን ሲ ነው አለች። የሁለቱም ዋይ ከዜሮ በላይ ስለሆነ አማካያቸው ከዜሮ በታች ሊወርድ አይችልም። የሀ ብቻ ቢታወቅ ለ ወደ ታች ሊጎትተው ይችል ነበር፤ የለ ብቻ ቢታወቅም እንደዚያው። ሁለቱ ሲያያዙ ግን የግድ ነው።

ማንም የሚያርመው አላገኘም። መምህርቷ ከሥሩ አብሽሪ ብቻ ብለው አለፉ።